ጋቢ የለበሰው ዝሆን

ኮምቦልቻ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ግማሽ ወሎ የተጠራበት የሠርግ ድንኳን ውስጥ፣ ከመድረኩ ጀርባ፤ ሃምሳን የተሻገረው ቤዝ ጊታር ተጫዋች አራጋው ቁም ሣጥን የሚያህለውን፣ «ዝሆን» የሚለውን አምፕሊፋየሩን በጀርባው ከልሎ፣ የባንዱ መሪና ኪቦርድ ተጫዋች ሉባባ ሰፊ ነጠላ ተከናንባ በቀኝ እጇ ካቻቪቴ ይዛ ተፋጠዋል።

አራጋው፦ አልኩሽ እኮ ልጄ። የዝሆን ጀርባ አይከፈትም።

ሉባባ፦ ጋሼ፣ ጥቂት ብሎን ነው። ፈትቼ አይቼው እመልሰዋለሁ።

አራጋው፦ ንጉሥ ሲታመም ሐኪሙ በልብሱ ላይ ነው የሚዳስሰው። ና ሸሚዝህን አውልቅ አይባልም።

ሉባባ፦ ንጉሥህ ወልዲያ ላይ ሠርግ መሀል ፀጥ አለ። ሐይቅ ከተማ ላይ ፀጥ አለ። አሁን ደግሞ ስንሞክረው ሁለተኛውን ዘፈን ሳይጨርስ ፀጥ አለ። ሙሽሮቹ ፎቶ ላይ ናቸው፤ ፎቶው ሲያልቅ እዚህ ናቸው።

አራጋው፦ ፀጥ አላለም። አዳመጠ። ትልቅ ሰው አንዳንዴ ዝም ብሎ ያዳምጣል።

ሉባባ፦ ዘፋኟ መሬት ከእግሯ ሥር የከዳት መስሏት ዞራ አየችህ።

አራጋው፦ ይኸው፣ ራስሽ መሰከርሽ። የኔ ዝሆን ዝም ሲል መሬት ይከዳል። ድሬዳዋ ላይ አንዲት ወፍራም ክር ነካ ባደርግ የባቡር ጣቢያው ሰዓት ቆመ። ሰዓት ሠሪ ከአዲስ አበባ አስመጥተው ነው ያስነሡት። አዋሳ ላይማ ዓሦቹ ወደ ዳር ወጥተው...

ሉባባ፦ ባለፈው ዓሦቹ ባህር ዳር ነበሩ።

አራጋው፦ ተከትለውኝ መጡ። ዓሣ ባለውለታውን አይረሳም።

ሉባባ፦ ጋሼ፣ ቀልዱን ተወውና ስማኝ። ትናንት የባንዱ ልጆች ተሰብስበው ምን እንዳሉኝ ልንገርህ?

አራጋው፦ ስለ ደመወዝ ከሆነ እኔ የለሁበትም።

ሉባባ፦ ስላንተ ነው። "ነገም ከሞተበት፣ ከዚያ ወዲያ ቤዙን በኪቦርድሽ በግራ እጅሽ ተጫወቺው፤ ጋሽ አራጋው ይረፉ" አሉኝ።

አራጋው፦ ይረፉ ማለት?

ሉባባ፦ ይረፉ ማለት መኪናው ሲነሣ አትኖርም ማለት ነው።

አራጋው፦ ...ከበሮ መቺውም እንዲህ አለ?

ሉባባ፦ እሱ ቀና ብሎ አላየኝም።

አራጋው፦ በል ተብሎ ነው። ደሴ ውስጥ ቤዝ ተጫዋች ማን ቀረ? አንድ ሰፈር ሙሉ ነበርን። አንድ በአንድ የኪቦርድ ግራ እጅ በላን። ለመሆኑ በግራ እጅ የቀረበ ምግብ ነውር እንደሆነ እናትሽ አልነገረችሽም?

ሉባባ፦ ነግራኛለች። የራበው እንግዳ ግን እጁን አያይም።

አራጋው፦ አንቺስ ምን ብለሽ መለስሽላቸው?

ሉባባ፦ ግራ እጄን አየት አድርጌ ዝም አልኩ።

አራጋው፦ ዝም ማለት እሺ ነው።

ሉባባ፦ ወይ ማዳመጥ ነው። አሁን አንተ አላልክም? በል፣ ከቀላሉ እንጀምር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ጊታሩ ውስጥ ያለችው ባትሪስ?

አራጋው፦ ዛሬ ጠዋት ነው የቀየርኳት። አዲስ ናት፣ ልክ እንደ ሙሽራዋ።

ሉባባ፦ ገመዱ?

አራጋው፦ የጦር መርከብ የሚጎተትበት ዓይነት ነው።

ሉባባ፦ የኔን ሰጥቼህ ሞክረነዋል፤ በሱም ሞቷል። ደሞ ገመድ ቢሆን ይንጫጫ ነበር። ሲሞት ይንጫጫል ወይስ በአንዴ ነው?

አራጋው፦ በአንዴ። እንደ ጨዋ ሰው። ማንንም ሳያስቸግር።

ሉባባ፦ እንግዲያው ገመድ አይደለም።

አራጋው፦ መብራቱ ነዋ። ይሄ ጀነሬተር እህል የሚፈጭ ነው፤ ለዝሆን አይበቃም። የሚጠጣው ሲያጣ ይተኛል።

ሉባባ፦ የኔ ኪቦርድም፣ ሁለቱ ትልልቅ ሞንታርቦ ስፒከሮችም እኮ ከዚያው ነው የሚጠጡት። እነሱ አልተኙም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

አራጋው፦ እንዴ፣ ፊውዝም አለ። ፊውዝ ይቃጠላል።

ሉባባ፦ የተቃጠለ ፊውዝ በራሱ ይነሣል? ይሄ ግን ይሞታል፤ እኛ ምሳ በልተን ስንመለስ ተነሥቶ ይጠብቀናል።

አራጋው፦ የጀግና ልማድ ነው።

ሉባባ፦ የሙቀት ልማድ ነው። አምፕሊፋየር አየር አጥቶ ሲግል እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል፤ ሲበርድለት ይመለሳል። ግን የገረመኝ ምን መሰለህ፤ ልክ ሲሞት ሄጄ ከላይ እስከ ታች ዳሰስኩት። እንደ ምንጭ ውኃ ቀዝቃዛ ነው። ትኩሳት ያለበት በሽተኛ ቆዳው እንዴት ይቀዘቅዛል?

አራጋው፦ ዝሆን ቆዳው ወፍራም ነው። ውስጡ ቢነድ ላዩ አይነግርሽም። እኔም እንደዚያው ነኝ።

ሉባባ፦ አንተስ ላይህ ነው የሚነግረኝ። ላብህን ጥረገው።

አራጋው፦ ድንኳኑ ነው። ቆይ፣ ምንድን ነው ቅጠል ቅጠል የሚሸተኝ?

ሉባባ፦ ቄጠማው ነዋ። አሁን እየጎዘጎዙ ነው።

አራጋው፦ ቄጠማ እንዲህ አይሸትም። ደሞ ምነው ዛሬ ሁሉን ነገር በአንድ እጅሽ? ቅድም ስንሞክርም በቀኝ ብቻ ነበር ስትጫወቺ የነበረው።

ሉባባ፦ ለሙከራ ይበቃል። ነገር አታዙር። ማስተሩን ልጠይቅህ።

አራጋው፦ የትኛውን ማስተር?

ሉባባ፦ ፊት ለፊቱ ላይ ያለውን ትልቁን ቁልፍ። ቅድም አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ስትጫወት ሹልክ ብዬ ወደ ዜሮ አዞርኩት።

አራጋው፦ የሰው አምፕሊፋየር ትነኪያለሽ?

ሉባባ፦ ነካሁ። ድምፁ አልቀነሰም ጋሼ። ዜሮ ላይ ሆኖ እንደ ቅድሙ ይዘፍናል።

አራጋው፦ እሱ... ከለመደ ወዲያ በቁልፍ አይታዘዝም። በፍቅር ነው።

ሉባባ፦ እሺ። ሌላ ልጨምር? የሚመዝነው ስንት ነው ብለሃል?

አራጋው፦ ሲወለድ መቶ ኪሎ ነበር። አሁን ደርቋል፤ ግን ከሰማንያ አያንስም።

ሉባባ፦ ወገብህን አሞህ ውኃ እንኳን ልጆቹ ናቸው የሚቀዱልህ። ዝሆኑን ግን ከመኪናው ላይ ብቻህን ታወርደዋለህ። ማንም እንዲነካልህ አትፈልግም። ዛሬ ጠዋት አየሁህ፤ በአንድ እጅህ ተሸክመህ በሌላው ስልክ ታወራ ነበር።

አራጋው፦ ...ወጣት እያለሁ ደግሞ ብታዪኝ።

ሉባባ፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ሲባል እሰማ ነበር። እንደዚህ ሲቀል ግን ያየሁት ዛሬ ነው። እስቲ ላንኳኳው።

አራጋው፦ ተይ፣ አይንኳኳም።

ሉባባ፦ ሰማህ? ድው። እንደ ባዶ ጎተራ።

አራጋው፦ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ነው።

ሉባባ፦ ባዶ በርሜል ይጮኻል ነው ተረቱ። ያንተ ባዶ ደግሞ ዝም ይላል። ጋሼ፣ ክላክሱ ይሰማሃል?

አራጋው፦ ሙሽሮቹ ናቸው?

ሉባባ፦ ገና ድልድዩ ጋ ናቸው። አንድ ዙር ከተማውን ሳያዞሯቸው አይመጡም። ይኸው ካቻቪቴው። እኔ አልፈታውም፤ አንተ ፍታው።

አራጋው፦ ሉባባዬ፣ ዛሬን እለፊኝ። ዛሬ አይሞትም። ጧፍ ተስያለሁ፤ አንቺም በናንተ በኩል ዱዓ አድርጊልኝ።

ሉባባ፦ ዱዓውን ጠዋት አድርጌያለሁ። አሁን የቀረው ብሎኑ ነው።

አራጋው፦ ብፈታው ለልጆቹ ትነግሪያለሽ።

ሉባባ፦ ወላሂ አልነግርም።

አራጋው፦ ትስቂያለሽ።

ሉባባ፦ እሱን አልምልም።

አራጋው፦ ...ዘወር በይ እሺ። መጋረጃውን ሳቢው። ይሄ የመጨረሻው ብሎን ሁሌም ይጠብቃል። ይኸው።

ሉባባ፦ ይሄ ምንድን ነው? ጋቢ?

አራጋው፦ አሮጌ ጋቢ ነው።

ሉባባ፦ ጋቢውን አየሁት። ውስጡ ምን ተጠቅልሎ ነው?

አራጋው፦ ቀስ ብለሽ ግለጪው።

ሉባባ፦ ያረቢ። የዳቦ ቅርጫት ታህላለች። ጋሼ፣ ይቺ እኮ ሰው ቤቱ ውስጥ የሚለማመድባት ናት።

አራጋው፦ ተይ አትናቂያት። ቤት ውስጥ ስትለማመድ ጎረቤት አስለቅቃለች።

ሉባባ፦ ጋቢ ያለበስካት ይበርዳታል ብለህ ነው?

አራጋው፦ ትንቀጫቀጫለች። የወልዲያን መንገድ ታውቂዋለሽ። ሳጥኑ ውስጥ እየዘለለች ስታንኳኳ እንዳይታወቅብኝ አጥብቄ ጠቀለልኳት።

ሉባባ፦ ንካት እስቲ። እንደ ምጣድ ትፋጃለች። ትንሽ አምፕሊፋየር በትልቅ ሳጥን ዘግተህ፣ በጋቢ ጠቅልለህ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው አስጨፍሪ ስትላት ራሷን ብትስት ይፈረድባታል? ደግሞ ተመልከት፣ የቤዙን ቁልፍ እስከ ጥግ አዙረህባታል።

አራጋው፦ ቤዝ ተጫዋች ቤዙን ካልጨመረ ምን ይጨምር? ጨው?

ሉባባ፦ ጉልበት የሚጨርሰው ወፍራሙ ድምፅ ነው። ትንሿን አህያ የጤፍ ጆንያ ጭነህ አቀበት አወጣሃት። መሀለኛውን ድምፅ ብትጨምር ትሰማለህ፤ እሷም አትደክምም። ይሄን ሳታውቀው ቀርተህ ነው?

አራጋው፦ አውቀዋለሁ። ግን ከውጭ ለሚያይ ትልቁ ሳጥን ቀጭን ድምፅ ቢያወጣ ይጠረጠራል። ለሳጥኑ የሚመጥን ድምፅ ማውጣት ነበረብኝ።

ሉባባ፦ ዋናው ዝሆንስ?

አራጋው፦ የስፒከሩ ወረቀት ተቀደደ። ደሴን አገላብጬ ፈለግኩ፤ አዲስ አበባም አስፈለግኩ። ለሱ ልክ የሚሆን ጠፋ። ሆዱ ውስጥ ያለው ዕቃ ደግሞ ቀስ በቀስ አረጀ።

ሉባባ፦ ይሄ የሆነው መቼ ነው?

አራጋው፦ ወደ እናንተ ከመምጣቴ በፊት።

ሉባባ፦ ማለት... ዝሆኑ እኛ ጋ መጥቶ አያውቅም?

አራጋው፦ ቆዳው መጥቷል።

ሉባባ፦ ሳቄን ያዝልኝ ጋሼ።

አራጋው፦ ሳቂ፣ ሳቂ። አልማልሽም።

ሉባባ፦ ለምን ግን? ይቺን ይዘህ ብትመጣስ ኖሮ?

አራጋው፦ የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሻለሽ? ይሄን ሳጥን ይዤ በሩን ስገባ ልጆቹ በሙሉ ተነሡ። ለኔ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። አልፈውኝ ሄደው ሳጥኑን ዳበሱ። ስሜን የጠየቀኝ የለም፤ የጠየቁኝ ስንት ዋት ነው ብለው ነው።

ሉባባ፦ ሁለት ሺህ አልካቸው።

አራጋው፦ ሰው እንደዚያ በጉጉት ሲያይሽ አምስት መቶ ማለት ጭካኔ ነው።

ሉባባ፦ አንተ ታዲያ የተቀጠረው ሳጥኑ መሰለህ።

አራጋው፦ አልመሰለኝም፤ ነው። ለዛሬስ የሙሽራው አባት ባንዱን ሲጠሩ ምን ነበር ያሉት? አቶ ደምሰው፣ እኚያ በጋራዣቸው ትልቅነት የሚፎክሩት ሰውዬ፣ "ያ ዝሆን የሚባለው ዕቃ ከሌለ እንዳትመጡ" አላሉም? ለእንግዳው ሁሉ ዝሆን ይመጣል ብለዋል። አራጋው ይመጣል ያለ የለም።

ሉባባ፦ ቆይ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሐይቅ ላይ አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አቅፈው ሳሙህ አይደል? "ቤዝህ አጥንቴ ውስጥ ገባ" ብለው።

አራጋው፦ ግራና ቀኝ ነው የሳሙኝ። ጢማቸው አሁንም ይወጋኛል።

ሉባባ፦ ያን ጊዜ እኮ ሳጥንህ ሞቶ ነበር። የሰሙት ግራ እጄን ነው።

አራጋው፦ አውቃለሁ።

ሉባባ፦ ታውቃለህ?

አራጋው፦ ጣቴ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ካንቺ በኩል ይመጣል። ዕውር አይደለሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁ። ሽማግሌው ሲስሙኝ ጉንጬን ሰጠሁ፤ ልቤ ግን ቀዘቀዘ። ማንም ልዩነቱን አላወቀም ሉባባ። እንዲያ ከሆነ እኔ ምን እሠራለሁ ብዬ ሳስብ አደርኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሉባባ፦ እኔ አውቄዋለሁ።

አራጋው፦ ምኑን?

ሉባባ፦ ልዩነቱን። ግራ እጄ ልክ በሰዓቷ ነው የምትደርሰው፤ እንደ ቢሮ ሠራተኛ። አንተ ግን ከከበሮው ኋላ ትንሽ ትጎተታለህ። ወደቀ፣ ሊቀር ነው ስንል ትደርሳለህ። ሰው ትከሻው የሚፈታው እዚያች መሀል ነው። ሐይቅ ላይ ሰው አጨበጨበ እንጂ አልጨፈረም፤ ልብ ብለሃል?

አራጋው፦ ...ምግቡ ከብዷቸው መስሎኝ።

ሉባባ፦ ያቺን መጎተት ለግራ እጄ ላስተምራት ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ስጎተት እዘገያለሁ፤ አንተ ስትጎተት ግን አትዘገይም። ምስጢሩን አላወቅኩትም።

አራጋው፦ ድሬዳዋ ላይ አንድ ባቡር...

ሉባባ፦ ባቡሩን ተወው። እኔ ስምህን ሳጥኑን ሳላይ በፊት አውቀው ነበር።

አራጋው፦ ከየት?

ሉባባ፦ ደሴ፣ ፒያሳ፣ ያ ፎቁ ላይ ያለው ምግብ ቤት። መብራት ጠፋ፤ ተጫዋቹ ሁሉ ዕቃውን አስቀምጦ ሲጋራውን ለኮሰ። አንተ የጊታሩን ራስ የብርጭቆ መደርደሪያው ላይ ደገፍ አድርገህ ቀጠልክ። እንጨቱ ራሱ መዝፈን ጀመረ። ብርጭቆዎቹ እየተንጫጩ ያጅቡህ ነበር። እኔ ጥጉ ላይ ጥብስ እየጠበቅኩ ነበር፤ ጥብሱ መጥቶ ቀዘቀዘ። ያን ቀን ስንት ዋት ነበረህ?

አራጋው፦ ያን ቀን... ምንም።

ሉባባ፦ አስተናጋጁን ይሄ ሰውዬ ማነው ብዬ ጠየቅኩ። አራጋው ይባላል አለኝ። ባንድ ሳቋቁም ሰው ልኬ ያስጠራሁት እሱን ነው። እሱ ግን ዝሆን ጭኖ መጣ።

አራጋው፦ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?

ሉባባ፦ ብነግርህ ስታወራው ብርጭቆዎቹን መስኮት ታደርጋቸው ነበር፤ ፎቁንም ታፈርሰው ነበር።

አራጋው፦ ከሁለት ፎቅ በላይ አላፈርስም ነበር።

ሉባባ፦ በል አሁን። ከሳጥኑ ትውጣ። ጋቢውን አንተ ልበሰው ወይ ጣለው። ወንበር ላይ አስቀምጣት፣ ፊቷን ወደ ጆሮህ ቀና አድርጋት። ከጀርባዋ በዚህ ገመድ ወደ ሚክሰሩ እወስዳታለሁ። ሕዝቡን ሞንታርቦዎቹ ያጥግቡት፤ እሷ አንተን ብቻ ታሰማ። የቤዙን ቁልፍ ወደ መሀል መልሰው።

አራጋው፦ ሰው ያያታል።

ሉባባ፦ ይያታ።

አራጋው፦ በወንበር? እንደ ሕፃን ልጅ? አቶ ደምሰው ፊት? ሳጥኑ ውስጥ ትሁንና ጀርባውን ብቻ ክፍት እናድርገው።

ሉባባ፦ ከጀርባህ ቪዲዮ የሚያነሣ ሰው አለ፤ ባዶ ሆዱን ቀድሞ እሱ ያየዋል። ደሞ ያው እንደተዘጋች ናት፤ ትግላለች። የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን ልትጥል ነው ጋሼ። ዛሬ ከሞተች ልጆቹ ሌላ ዕድል አይሰጡህም፤ እኔም አፍ የለኝም። ምረጥ፤ ክላክሱ ቀርቧል።

አራጋው፦ አቶ ደምሰው መጥተው ዝሆኑ የታለ ቢሉኝስ ምን እላለሁ?

ሉባባ፦ ውሸት ላንተ እኔ ላስተምርህ?

አራጋው፦ ...ወንበሩን አቀብይኝ። ባለ መደገፊያውን። ሰውነቷ ደካማ ነው።

ሉባባ፦ ይኸውልህ።

አራጋው፦ ዝሆኑ ግን ከኋላ ይቁም። ሻሽ ጣል ይደረግበት፤ አበባም ይቀመጥበት። አቶ ደምሰው ከመጡ ዝሆኑ ወለደ እላቸዋለሁ።

ሉባባ፦ ወለደ? እስከ ዛሬ ወንድ አልነበረ?

አራጋው፦ ሳይወልድ ማን ያውቃል። ሌሊቱን ምጥ ይዟት፣ ጠዋት ኮምቦልቻ ስንደርስ ተገላገለች። ትልቋ አራስ ናት፤ አራስ ሥራ አትሠራም፤ ሻሽ ያሰረችውም ለዚያ ነው። ሠርግ ላይ መውለድ ደግሞ ለሙሽሮቹ ገድ ነው፤ አቶ ደምሰው በዓመቱ የልጅ ልጅ ያቅፋሉ። ይሄን ሲሰሙ ይስሙኛል እንጂ አይቆጡም።

ሉባባ፦ አሁን ዳንክ። እስቲ ንካት።

አራጋው፦ አንድ ብቻ ነው የምነካው። ከድንኳኑ ምሰሶ ራቂ።

ሉባባ፦ ...አሃ። በሞንታርቦው ሰማኸው?

አራጋው፦ ሰማሁት። ይሄ የኔ ድምፅ ነው?

ሉባባ፦ ያንተ ነው። ዛሬ ምንም አልለበሰም። ድገመው እስቲ፤ ስትጎተት ልስማ።

አራጋው፦ ልብሱን ካወለቀ ወዲያ ያፍራል መስሎኝ ነበር። አያፍርም። እጅሽን አስጠጊያትማ፤ ትሞቃለች?

ሉባባ፦ ለብ ብላለች። እንደ ጤነኛ ሰው ግንባር።

አራጋው፦ ደህና። ድንገት እንኳን መሀል ላይ ብትደክም ግራ እጅሽ አለች። አንቺ ጋ ጎተራ ሙሉ ተስፋ አለ። አይደል?

ሉባባ፦ ጋሼ፣ ይሄን ነጠላ በግራ በኩል ግለጠው።

አራጋው፦ ምነው? ታመሽ ነው እንዴ? ይሄ... ፌስታል ነው የታሰረው?

ሉባባ፦ ቅጠል ቅጠል የሸተተህ እሱ ነው።

አራጋው፦ ሂና?

ሉባባ፦ ጠዋት ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ሲቀቡ ነይ አሉኝ። ከጣቴ ጫፍ እስከ አንጓዬ ነው። እስኪጠቁር አይፈታም፤ የሚፈታው ከመሸ ወዲያ ነው፤ እስከዚያ ይቺ እጅ ቤዝ አትነካም።

አራጋው፦ ጠዋት? ሳጥኑን ሳታስከፍቺኝ በፊት?

ሉባባ፦ ልጆቹ ከነገሩኝ በኋላ፤ ሳጥኑን ሳላስከፍትህ በፊት።

አራጋው፦ ከነጋቢዋ ሞታብሽ ቢሆንስ ኖሮ ምን ልታደርጊ ነበር?

ሉባባ፦ ብርጭቆ የሞላበት መደርደሪያ ነበር የማስፈልግልህ። ሙሽሮቹ በሩ ላይ ናቸው ጋሼ፤ አንተ ጀምር፣ እኔ በአንድ እጄ እከተልሃለሁ።